የነቢያት ገመድና የአጎቴ እጅ

አጎቴን በፊቱ «እርስዎ» እለው ነበር። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ቄስ፣ ያውም የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቅ የደብሩ ገበዝ ነው፤ አንተ ብለው የሰማኝ ሁሉ ከንፈሩን ይመጥብኛል። አሁን እሱም ሞቷል፣ እኔም አርጅቻለሁ፤ ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «እሱ» እያልኩ ነው የማወራው። ብዙ ሰው እጠላው የነበረ ይመስለዋል። አልጠላሁትም። ለመጠላት እንኳ የሚበቃ ቁም ነገር አልነበረውም፤ ናቅሁት እንጂ።

ነገሩ የመሬት ነው። ጎጃም ውስጥ የመሬት ያልሆነ ነገር የት አለና! አያቴ ሲሞት ከቢቸና ዝቅ ብሎ ወንዙ ዳር ያለውን ዋልካ መሬቱን ለሁለት ልጆቹ፣ ለአጎቴና ለእናቴ እኩል ተወላቸው። ሽማግሌዎች ለክተው መሃሉ ላይ የድንበር ድንጋይ ተከሉ። አባቴ በሕይወት እያለ ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም። አባቴ ከሞተ በኋላ ግን ድንጋዩ እግር አወጣ። በየዓመቱ የአጎቴ ትልም ወደ እናቴ ወገን ትንሽ ትንሽ ይገባል፤ ድንጋዩም ተነሥቶ ይከተለዋል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ? እናቴ አቤት ስትለው «እህቴ፣ እኔ ምን ላድርግ፤ የወንዙ ጎርፍ ነው የገፋው» ይላታል። ጎርፍ ድንጋይን ወደ ዳገት ሲገፋ የታየው እንግዲህ በአጎቴ መሬት ላይ ብቻ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ የእናቴ ድርሻ ጠቦ የዓመት ቀለቧን ማብቀል አቃተው። መበለት ናት፤ ልጇ እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ትምህርት ላይ ነኝ። የኋላ ኋላ በሰው ቤት እህል መፍጨት ጀመረች። የገበዙ እህት በሰው ወፍጮ! አጎቴ ይህን ሲሰማ ያፈረው ስለ ራሱ ስም ነው። «ደብሩን አታሰድቢ» ብሎ ላከባት። እሷም የላከችለት መልስ አጭር ነበር፤ ክረምት ሳይገባ ገመድ ይጣልልኝ አለች።

ገመድ መጣል ማለት እንዲህ ነው። ዘመዳሞች በድንበር ሲጣሉ መሬቱ የሚለካው ደብሩ ባለው ገመድ ነበር። ከበሬ ቆዳ የተገመደ፣ በየመሃሉ ቋጠሮ ያለው፣ ዕቃ ቤት የሚቀመጥ ረጅም ገመድ ነው። አንዱን ጫፍ አንዱ ባላጋራ፣ ሌላውን ጫፍ ሌላው ባላጋራ ይይዛል፤ ሽማግሌዎች በመሃል እየሄዱ ቋጠሮውን ይቆጥራሉ። ልጅም ሆነ ወኪል አይይዝላቸውም። ሁለቱም በገዛ እጃቸው ካልያዙት የተለካው ልክ አይባልም። ጫፉን የያዘ ሰው ደግሞ በኋላ «አልተስማማሁም» ቢል የሚሰማው የለም። ስለዚህ መሬት የገፋ ሰው ከልኬት ለማምለጥ መዋጋት አያስፈልገውም፤ ጫፉን አለመያዝ ብቻ ነው ያለበት። ችግሩ እንዲያው በደረቁ «አልይዝም» ያለ እንደሆነ ሌባ መሆኑን በአፉ መሰከረ ማለት ነው። ምክንያት ይሻል። አጎቴ ምክንያት ፍለጋ ወደ ነቢያት ወረደ።

ጊዜውም ተመቸው። የንጉሡ መንግሥት የጎጃምን መሬት አስለክቶ ግብር ሊጥል ነው የሚል ወሬ አገሩን የሚያምስበት ዘመን ነበር። የመንግሥቱ ገመድ ቀላድ ይባላል፤ ገበሬው ይህን ቃል በሰማ ቁጥር ጠመንጃውን ይወለውላል። አጎቴ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ቅጽር ውስጥ አስቀምጦ ስብከት ጀመረ። አሞጽን አነሣ። ምድርህ በገመድ ትከፋፈላለች የሚለውን ዛቻ እያስረዘመ፣ ድምፁን እያንቀጠቀጠ ነገራቸው። ከኢሳይያስም ጠቀሰ፤ እዚያም ባድማ በሚሆን አገር ላይ ገመድ ይዘረጋል። «ምእመናን፣ ልብ በሉ፤ ነቢያት ገመድን ባነሡ ቁጥር መዓት አለ» አላቸው።

አሞጽ ያንን ቃል ለማን እንደተናገረው ግን አልነገራቸውም። እኔ ልንገራችሁ። ለካህን ነው የተናገረው። ሹመቱንና እንጀራውን ለማትረፍ ሲል ነቢዩን ካገሩ ውጣ ላለ ካህን። አጎቴ ይህን አጥቶት አይደለም፤ ዳዊትን በቃሉ፣ ነቢያትን በንባብ ሲያደርስ ያደገ ሰው ነው። አጥንት የሌለበትን ሥጋ እንደሚመርጥ እንግዳ መርጦ ጎረሰና የቀረውን ወደ ጠረጴዛው ሥር ጣለው።

ከዚያ የባሰው መጣ። ሕዝቡ እንዲያ ፈርቶ ሳለ አንዱ ሽማግሌ ተነሥቶ «ታዲያ የእኛስ ደብር ገመድ ያለው አይደለም ወይ?» አለ። አጎቴም አዝኖ፣ አንገቱን ሰብሮ «ገመድ ያለበት ደብር ገመድ ይጠራል ብዬ እፈራለሁ» አለ። እንግዲህ ምን ቀረ? ዕቃ ቤቱ ተከፈተ፣ ያ የአያት የቅድመ አያት ገመድ ወጣ፣ ቅጽሩ ውጪ እሳት ተለኮሰ። ቆዳ ሲቃጠል እንዴት እንደሚሸት የምታውቁ ታውቃላችሁ። የከተማው ውሻ ሁሉ ተሰበሰበ ይባላል። ሴቶች እልል አሉ። የመንግሥትን ገመድ ፈርቶ የራሱን ገመድ ያቃጠለ ሕዝብ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አልሰማሁም፤ በተማረ ሰው ምክር መሆኑ ነው ደግሞ የሚገርመው።

እናቴ እዚያው ሴቶቹ መሃል ቆማ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ገመድ ይጣልልኝ ማለት አልቻለችም። ብትል የመንግሥት ወገን ናት፣ የመዓት ጠሪ ናት። አንዳንዶቹ ገና ከአፏ ሳይወጣ ፊታቸውን አዞሩባት። እነዚያው ሰዎች ግን በእሷ እጅ የተፈጨ ዱቄት ይበሉ ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ ሞጣ ነበርኩ፤ ትርጓሜ መጻሕፍት እማር ነበር። ወሬውን ያመጣልኝ ከቢቸና ገበያ የተመለሰ አንድ የሞጣ እስላም ነጋዴ ነው፤ ጨርቅ ይነግዳል፣ እናቴንም ያውቃታል። «እናትህ ደኅና ናቸው፤ ና ብለውሃል። ደብራችሁ ግን ገመዱን አቃጠለው» ብሎ ጀመረልኝና ነገሩን ከሥሩ አጫወተኝ። ላለመሳቅ እየታገለ ነው፤ በሰው ሃይማኖት መሳቅ ነውር ስለሆነበት። ሲጨርስ ግን አላስቻለውም። «እንግዲህ እኔም ክንዴን ላቃጥላ፤ ጨርቅ የምለካበትን» አለኝ። ከቢቸና የሰማሁት የመጀመሪያው የጤነኛ ሰው ንግግር ይኸ ነበር።

በማግሥቱ የኔታ ዘንድ ገባሁ። የሞጣው መምህሬ ጋቢያቸውን እስከ ጆሮአቸው ተከናንበው ይቀመጣሉ። አንድ ቃል ሲጠየቁ አንዱን ትርጓሜ ይሰጡና «አንድም» ብለው ሌላውን ያስከትላሉ፤ የትርጓሜ ቤት ወጉ ነው። ገመድ በነቢያት ምንድር ነው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ለማፍረስ ይዘረጋል» አሉ። «ቅጥር ሊያፈርስ የመጣ ግንበኛ የሚፈርሰውን በገመድ ይለያል። አንድም ለማነጽ ይዘረጋል፤ ዘካርያስ ያየው ሰው ኢየሩሳሌምን ሊለካ ገመድ ይዞ ሲሄድ ነው፤ ከተማዪቱ ልትታነጽ ስለሆነ። አንድም ርስት ለማካፈል ነው። ገመድ ባማረ ስፍራ ወደቀልኝ ብሎ የሚያመሰግን አለ፤ ይህ መዓት ነው? አንድም...»

«የኔታ፣ አጎቴ ግን ሁሉም መዓት ነው አለ» አልኳቸው።

ከዚያ ጋቢያቸውን ከጆሮአቸው ላይ አነሡ። «ሚክያስን አላነበበም?» አሉ። «ሚክያስ እርሻ ተመኝተው የሚቀሙትን፣ ሰውን ከርስቱ የሚገፉትን ይወቅሳል። ወቅሶ ሲያበቃ ምን ብሎ ይፈርድባቸዋል? ገመድ ይጣልባችሁ አላለም። በእግዚአብሔር ጉባኤ ገመድ የሚጥልላችሁ አይኖርም ነው ያላቸው። ሚክያስ የገጠር ሰው ነው። ገመድ መዓት ቢሆን ኖሮ ማጣቱ ምርቃት ይሆን ነበር። ለካ ከገመድ የባሰ መዓት ገመድ ማጣት ነው። ያንተ አጎት በእሳት ያነደደው ይህንን ነው።»

ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ፤ ደስም አለኝ። ትርጓሜ ማለት ይኸ ነው! ቃሉ በየነቢዩ ሲመላለስ ተከትሎ፣ ማን ለማን እንደተናገረው ጠይቆ፣ ገመዱን ሳይሆን የያዘውን እጅ አይቶ መፍረድ። «የኔታ፣ እባክዎ ቢቸና ድረስ ይምጡና ይህንኑ ለጉባኤው ይንገሩልኝ» ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን እንደገና ወደ ጆሮአቸው ሳቡት። «ልጄ፣ እኔ የመጽሐፍ መምህር ነኝ፤ የመሬት ዳኛ አይደለሁም» አሉ። እንዴት ያናድዳል! ቢቸና ሩቅ ሆኖባቸው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ተዝካር ሲኖር በቅሎ ተልኮላቸው ይሄዱ ነበር። እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፤ ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል አሉ። እያወቀ ዝም የሚለው ሰውዬ እያወቀ ከሚዋሸው ይሻላል ብሎ መከራከር የሚፈልግ ይከራከር። እኔ በዚያን ቀን ሁለቱንም በአንድ ዐይን አየኋቸው።

ከነጋዴዎች ጋር ሆኜ በግንደወይን በኩል ወረድኩ። እናቴ ቤት ስደርስ ወፍጮው ላይ ተደፍታ አገኘኋት። ፀጉሯ፣ ቅንድቧ ዱቄት ነው። የሚክያስን ነገር ስነግራት እጇን ከመጅ ላይ አላነሣችም። «ይህን ብትነግራቸው መሬቴን ይለኩልኛል?» አለች። «እንዴት አይለኩም! የመጽሐፍ ቃል ነው እኮ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ወደ መፍጨቷ ተመለሰች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አስፈቅጄ ቆምኩ። ከአሞጽ ጀመርኩ። ያ ቃል ለካህን መነገሩን ተናገርኩ፤ ስናገርም አጎቴን እያየሁ ነው። በዘካርያስ በኩል አድርጌ ሚክያስ ላይ ደረስኩ። እርሻን ተመኝቶ የሚቀማ፣ መበለትን ከቤቷ የሚያወጣ፣ እሱ ራሱ ገመድ የሚጥልለት አጥቶ ይቀራል አልኩ። ገመዳችሁን ያቃጠላችሁ የተፈረደባችሁን ፍርድ በገዛ እጃችሁ ፈጸማችሁት አልኩ። ከዚህ በላይ እንዴት ይነገራል?

መጀመሪያ «ይበል!» ያለው አጎቴ ነው። ቅኔ ቤት ጥሩ ቅኔ ሲሰማ እንደሚባለው። ተነሥቶ ግንባሬን ሳመኝ። «የእህቴ ልጅ ነው፤ ከአባቴ ወዲህ እንዲህ ያለ ትርጓሜ በዚህ ደብር አልተሰማም» ብሎ ዐይኑን በነጠላው ጫፍ ጠረገ። ሽማግሌዎቹ ተከተሉት። አንዱ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ይላል፤ አንዱ ሚክያስ ላይ ያልኩትን ድገምልን ይላል። ደገምኩላቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። «እርሻ ቀሚው ማን ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው አንድ ትልቅ ሽማግሌ ምንም ሳይጠራጠር «መንግሥት ነዋ!» አለኝ። ሁሉም «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አሉ። አጎቴም እውነት ነው አለ። ከዚያ ጠላ ቀረበ። ለእኔም ዋንጫ ሞልተው፣ ከሽማግሌዎቹ መሃል ቦታ ለቀውልኝ አስቀመጡኝ። ያን ያህል ተንቄ አላውቅም፤ እየተመሰገንኩ።

እናቴ ከሴቶቹ መሃል ተነሣች። በነጠላዋ ሥር አህያ የምንጭንበትን ጠፍር ጠቅልላ ይዛ ነበር፤ እኔ እንኳ አላየሁትም። ወንዶቹ ወደ ተቀመጡበት መጥታ አንዱን ጫፍ በግራ እጇ ጨበጠችና ሌላውን ወደ ወንድሟ ዘረጋችው።

«የደብሩ ገመድ ተቃጥሏል» አለች። «ይኸ የእኔ ነው። ልጄ ያለውን ሁላችሁም ወዳችሁታል። እንግዲያው ያዝ፣ ወንድሜ።»

አጎቴ እጁን ወደ ነጠላው ውስጥ ከተተው። «ዛሬ ሰንበት ነው» አለ።

«ዛሬ ያዘው፤ ነገ እንለካለን።»

«እኔ ታቦት የማገለግል ሰው ነኝ፤ በዚህ እጄ የአህያ ጠፍር ልያዝ?»

በዚያው እጁ የድንበር ድንጋይ ሲያዞር ታቦቱ ምንም አላለውም ነበር። እናቴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። አንዱ ጠላው ውስጥ የገባች ዝንብ በጣቱ ያወጣል፤ ሌላው የጫማውን ጭቃ በጭራሮ ይፍቃል። «እህታችን፣ ክረምቱ ይለፍና እናየዋለን» አለ ያ መንግሥት ነው ያለኝ ሽማግሌ። እኔ ተነሥቼ ጫፉን ልይዝላት ስል «አንተ ልጄ ነህ፤ ያንተ መያዝ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሥርዓቱን እሷ ከእኔ በፊት ታውቀዋለች።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ማንም አልጠበቀም። ካህናት ወደሚገቡበት የቤተ ክርስቲያኑ በር ሄደች። ጠፍሩን ከበሩ መቃን እስከ መቃን መሬት ላይ ዘረጋችው። ተንበርክካ ደፉን ሳመችና ድምፅዋን ሳታነሣ «ወንድሜ አልይዝልኝ አለ። ለአንተ ሰጥቼዋለሁ፤ ጫፉን አንተ ያዝልኝ» አለች ለታቦቱ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቤቷ ሄደች።

በእኛ አገር ለታቦት የተሰጠን አቤቱታ ማንም አያነሣውም። የነገሩ ባለቤት ያልሆነ ሰው ቢራመደው ነውር የለበትም፤ የተከሰሰበት ሰው ግን ሊራመደው አይደፍርም። ለሠርክ ጸሎት ሲደወል ሌሎቹ ካህናት በላዩ እየተራመዱ ገቡ። አጎቴ ቆመ። ጠፍሩን አንሥቶ እንዳይጥለው፣ አነሣ ማለት ጫፉን ያዘ ማለት ነው፤ ሕዝቡም ይህንን ለማየት በአንድ ጊዜ ነቅቶ ነበር። ተራምዶት እንዳይገባ ነፍሱን ይፈራል። ለእህቱ መሬት ያልፈራ ሰው ለነፍሱ ግን ፈሪ ነበር። በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያኑን ዞሮ በሴቶች በር ገባ።

ከዚያ ወዲያ ያንን ክረምት ገበዙ፣ ነቢያትን በቃሉ የሚጠቅሰው፣ መስቀሉን ይዞ፣ ጥምጣሙን ጠምጥሞ፣ ከሴቶች ጋር እየተጋፋ በሴቶች በር ሲገባ ሰነበተ። ሴቶቹ መጀመሪያ መንገድ ይለቁለት ነበር፤ ኋላ ግን መልቀቅ ተዉ። ጠፍሩን ዝናብ አበሰበሰው፣ አይጥ በላው፤ ካለቀም በኋላ አጎቴ በዚያው በር ቀረ። የመንግሥት ለኪዎችም ሳይመጡ ቀሩ፤ አገሩ ተነሣስቶ መለሳቸው ተባለ። ቢቸና ላይ ግን «በገበዙ ስብከት ነው የዳንነው» የሚሉ ነበሩ። በየሰፈሩ ጎረቤትና ጎረቤት በድንበር በዱላ ሲፈነካከት ገመድ ፈልገው አጡ፤ እሱን ግን ከስብከቱ ጋር ያገናኘው ሰው አልሰማሁም።

መሬቱን አልመለሰላትም። ሐምሌ ላይ እስከ ድንጋዩ ድረስ፣ ከድንጋዩም አልፎ ጤፍ ዘራበት። በኅዳር ከሞጣ ስመለስ እኔና እናቴ በዚያ በኩል አለፍን። እንዲህ ያማረ ጤፍ በዚያ አገር አይቼ አላውቅም። ዛላው ከብዶት ማሳው ሁሉ ዝንብል ብሏል። መንገደኞች «እግዜር የባረከው ነው» እያሉ ያልፋሉ። አንዱማ እናቴን አይቶ «እንግዲህ ታቦቱ ፍርዱን ሰጠ» አላት፤ እኔ ነኝ በዱላ ልለው የቃጣሁት። ቃላቸውን ተምሬ የሰበክሁላቸው ነቢያት፣ ሚክያስም ጭምር፣ በዚያች ሰዓት አስጠሉኝ።

«ምነው በረዶ በመታው!» አልኩ።

እናቴ ቆመች። እንዲያ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም፤ በወንድሟም ላይ እንኳ።

«አፍህን ያዝ» አለችኝ። «በአባቴ መሬት ላይ በረዶ አትጥራ።»

ከዚያ ከመንገዱ ወርዳ ዳር ዳሩን ጋሽቦ መሬት የተኛውን ጤፍ በሁለት እጇ ቀና ቀና እያደረገች ሄደች።